ሰማያዊው ጠመኔ

ከግድግዳው ወዲያ የሚያወሩት አባቷና አክስቷ ነበሩ። ግድግዳ ይባል እንጂ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ካርቶን ነው፤ ሳል እንኳ ሳይቀንስ ያሳልፋል። እሷ አልጋዋ ላይ ተኮራምታ፣ የተኛች መስላ፣ ታዳምጣለች። ስንት ዓመቷ እንደነበር አታውቅም። የፊት ጥርሷ ወልቆ ገና ያልበቀለበት ጊዜ መሆኑን ግን አትረሳም፤ ምላሷን በክፍተቱ እያሾለከች ነበርና የምትሰማው።

«ይቺን ልጅ ምን ልታደርጋት ነው?» አለች አክስቷ።

«ምን አደርጋታለሁ? አንድ ሥራ ትያዝ። ማንም የማይነጥቃት አንድ ሥራ። ከዚያ ወዲያ ምን ትፈራለች?»

«ያስ የቀረባት ዕለት?»

እዚህ ላይ ነገሩ ይቋረጥባታል። አባቷ ምን ብሎ እንደመለሰ አታስታውስም። እንቅልፍ ወስዶኝ ይሆናል ትላለች ለራሷ። አባቷም አለፈ፤ አክስቷም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው፤ የሚጠየቅ ሰው አልቀረም። አባቷ ቤት አላወረሳትም፣ መሬት አላወረሳትም። የአክስቷን ጥያቄ እዚያው ካርቶኑ ሥር ትታ፣ የአባቷን ቃል ብቻ እንደ ውርስ ይዛ አደገች።

ሥራውንም አገኘች። የእጅ መታጠቢያ ሲንክ የሚያመርት ፋብሪካ ነው። መጀመሪያ ስፖንጅ ቤት ገባች፤ ያልደረቀውን የጭቃ ሲንክ በእርጥብ ስፖንጅ እየጠረጉ የሚያለሰልሱበት፣ ጣት በውሃ ሲሸበሸብ የሚውልበት ክፍል ነው። ከዚያ አንድ ቀን የቀድሞው አለቃ ጆሮዋን አወቀላትና ወደ ማንኳኪያው ጠረጴዛ አወጣት።

ከምድጃ የወጣ ሲንክ ለዓይን ሁሉም ደህና ነው፤ ያብለጨልጫል፣ ፊት ያሳያል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ግን ከቀለሙ ሥር ተደብቃ ትቀመጥና የሰው ቤት ከገባች በኋላ ጉድ ትሠራለች። የሚያጋልጣት ድምፅ ብቻ ነው። ጠርዙን በትንሽ የእንጨት መዶሻ ነካ ሲያደርጉት ደህናው ይዘምራል፤ የተሰነጠቀው «ጠክ» ብሎ ዝም ይላል። ዝም ያለው ሆዱ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ ይጫርበታል፤ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ ተሰባብሮ፣ ተፈጭቶ፣ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። የእሷ ሥራ ይኸው ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ስሟ ጠፍቶ «ጆሮ» ሆና ቀረች። ትልልቆቹ «ጆሮ»፣ ትንንሾቹ «እትዬ ጆሮ» ይሏታል።

«እንዲህ ያለ ጆሮ ይዘሽ ባልሽ ሲዋሽሽ ምን ይሰማሽ ነበር?» ይላታል አባ ፍም፣ የምድጃው ሰው፣ ባሏ በሕይወት ሳለም ከሞተም በኋላ።

«ጠክ!»

አባ ፍም ቅንድብ የለውም፤ ምድጃው ከወሰደበት ቆይቷል። ሲስቅ ቅንድብ የሌለው ግንባሩ ሁሉ ይሸበሸባል። በዚህች አንዲት ቀልድ ለዓመታት ስቀዋል፤ ሳይሰለቻቸው።

ባሏ ከሞተ በኋላ ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ከምራቷ ጋር ትኖራለች። ልጇ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ሲመጣ እንግዳ፣ ሲሄድ ናፍቆት ነው። ምራቷን ፋብሪካ ያስገባቻት እሷ ናት፤ እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ፣ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ጥሩውን ከመጥፎው አስለየቻት። በሥርዓቱ አንደኛዋ ጠርዙን ታንኳኳለች፣ ሁለተኛዋ ገልብጣ ሥሩን ታንኳኳለች፤ ሁለቱም ካልተስማሙ ሲንኩ አያልፍም።

ጆሮዋ የከዳት ቀን አይታወቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ቀን ቆርጦ አይመጣም። መጀመሪያ ዝናቡ ለስለስ ያለ መሰላት። ቆርቆሮ ጣሪያዋን ሲደበድብ ይኖር የነበረው ዝናብ ቀስ ብሎ መዝነብ ጀመረ፤ «ዘንድሮ እግዜር ራርቶልናል» ብላ አመሰገነች። ቀጥሎ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ መጮኹን ተወ። ከዚያ የሲንኩ ዜማ ጫፍ ጫፉ እየተቆረጠ፣ እያጠረ መጣ። አንድ ቀን «ደህና ነው» ብላ ያሳለፈችውን ሲንክ ምራቷ ስታንኳኳ ቆም አለች። ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ዘርግታ የአማቷን እግር ጫን አደረገችው።

አማቲቱ ጠመኔውን አንሥታ ጫረች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራው በእግር ሆነ። ምራቲቱ እግሯን ከጫነች የተሰነጠቀ ነው፤ ካልጫነች ደህና። ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላወሩም። ቤት ሲገቡ የሚያወሩት ሌላ ነው።

ምራቷ ከሥራ መልስ የሻንጣና የቦርሳ ዚፕ ትቀይራለች። ከአንድ ሻንጣ ሰፊ ነው የተማረችው፤ የሠፈሩ ሰው የተበላሸበትን ሁሉ ያመጣላታል።

«ነይ እስቲ እማዬ፣ ይቺን ላሳይሽ። ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ትጠቅምሻለች።»

«እኔ ሥራ አለኝ፣ ልጄ። ሥራ ያለው ሰው የሰው ሱሪ ዚፕ ሲጎትት አያመሽም።»

«የሱሪ አይደለም፣ የሻንጣ ነው።»

«ሻንጣውም ሲከፈት ያለበት ሱሪ ነው።»

ምራቷ ትስቃለች፤ መርፌዋን ወደ ክሩ ትመልሳለች። አማቲቱ ደግሞ ፊቷን አዙራ ጸሎቷን ታደርሳለች። በጸሎቷ ውስጥ ስለ ጆሮዋ አታነሣም፤ እግዜርም ሳያውቅላት የሚቆይ ይመስል።

እንዲህ ሆነው ሳሉ አዲስ ተቆጣጣሪ መጣ። ጎልማሳ ነው፤ መጥፎ ሰው አይደለም። ከበላይ «ምርት ጨምር» የተባለ ሰው ነው። ሲሄድም ሲያወራም ስለሚጣደፍ ሳምንት ሳይሞላው «ቶሎቶሎ» የሚል ስም ወጣለት። ማንኳኪያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆመና ሁለቱን ሴቶች ተመለከታቸው።

«አንድ ሲንክ ሁለት ሰው የሚያዳምጠው ምን ሆኖ ነው? ታሟል እንዴ?»

በማግሥቱ ጠረጴዛው ሁለት ሆነ። ምራቲቱ ወዲያ ማዶ መስኮቱ ጥግ፣ እሷ ወዲህ በሩ ጥግ።

ለብቻዋ የተቀመጠች ጊዜ እግሯ እንደ ልማዱ ወደ ጎን ሄደ፤ ያገኘው ቀዝቃዛውን የጠረጴዛ ብረት ነው። መዶሻውን አነሣች። ነካ አደረገች። ከሩቅ፣ ከጭጋግ ውስጥ እንደሚጣራ ሰው ያለ ነገር ተሰማት፤ ደግሞም ያልተሰማት መሰላት። ጣቷን ጠርዙ ላይ አድርጋ ንዝረቱን ልታገኝ ሞከረች። ጣት ግን ጆሮ አይሆንም።

«ጌታዬ» አለች በልቧ፣ «የተሰነጠቀ ለሰው ቤት አሳልፌ እንዳልሰጥ አንተ እርዳኝ።»

ከግድግዳ ተነቅሎ የወደቀ ሲንክ የአንዲት አሮጊት እግር እንደቆረጠ ሰምታ ነበር፤ የእነሱ ፋብሪካ ሥራ አይሁን እንጂ ወሬው ከልቧ አልወጣም። ስለዚህ የተጠራጠረችውን ሁሉ ጫረችበት። ደህና መሆኑን እርግጠኛ ያልሆነችበትን ሁሉ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። ወደ ቤቷ ስትመለስ ልቧ ቀሎት ነበር። ማንንም አልጎዳሁም አለች። ሕሊናዋን ለማሳረፍ ያሰመረችው ጭረት ሌላ ሰው ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ አልታያትም።

በጓሮው የሚሰበረው ክምር እያደገ የመስኮቱን ደፍ አለፈ። ይሄን ያህል ስንጥቅ ከየት መጣ? ጭቃው ያው ጭቃ ነው፣ ቀለሙ ያው ቀለም። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ ምድጃው በር ላይ ቆመ። አባ ፍም ተጠራ፤ አንዴ ተጠራ፣ ደግሞ ተጠራ። ቀልዱ እየደረቀ ሄደ። በጠረጴዛዋ አጠገብ ሲያልፍ ስለ ባሏ መጠየቁን ተወ።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ ምራቷ ዚፑን አስቀምጣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ክምሩን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«አባ ፍምን ሊያስወጡት ነው። ዛሬ ስብሰባው ላይ ተቆጣጣሪው ተናገረ እኮ። አልሰማሽም እንጂ።»

ቃሉ ወጣ። ምራቲቱ አፏን በእጇ ያዘች። ስንት ጊዜ ከጠረጴዛ ሥር ተደብቆ የኖረው ነገር ቤት መሐል ቆመ።

«እንዴት አልሰማሁም? ነበርኩ አይደል እንዴ?» አለች አማቲቱ፣ ድምፅዋ ሰልሎ።

«ነበርሽ። ወደ አንቺ ዞሮም ጠየቀሽ። ‹እትዬ፣ ስንጥቁ ከምድጃው ነው አይደል?› አለሽ። ራስሽን ነቀነቅሽ።»

እውነት ነው፣ ነቅንቃለች። ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስ ፊቱን አይቶ ራስ መነቅነቅ ለምዳ ነበር። ለሱቅ ሻጩም ትነቀንቃለች፣ ለጎረቤትም ትነቀንቃለች። ዛሬ ደግሞ በአባ ፍም ላይ መሰከረች። አባ ፍም ከፊት ወንበር ዞር ብሎ እንዳያት፣ እሷም ፈገግ እንዳለችለት ትዝ አላት።

«ንገሪያቸው፣ እማዬ። አብሬሽ እገባለሁ።»

«ትንሽ ታገሺኝ። ጡረታዬ እኮ ደርሷል። ከዚህ ከወጣሁ ምን አለኝ? ሌላ ምን አውቃለሁ? ትንሽ ብቻ ታገሺኝ።»

«እኔ እታገሥሻለሁ። እሱን ማን ይታገሠው?»

አማቲቱ ተነሥታ አልጋዋን አነጠፈች። ጸልያ ልትተኛ ብትልም ጸሎቱ መጀመሪያው ላይ እየተሰናከለ፣ እንደገና እየጀመረች፣ አልጨረሰችውም።

በማግሥቱ አባ ፍም ራሱ መጣ። ጫር የተደረገበት ሲንክ እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው። ጎንበስ ብሎ በቅርብ ስለተናገረ ሰማችው።

«ነገር ፍለጋ አልመጣሁም፣ ጆሮ። ይቺ ትናንት የጫርሽባት ናት። ለእኔ ትዘምራለች። ግን የእኔ ጆሮ ስንት ዘመን እሳት ሲጮህበት የኖረ ነው፤ አላምነውም። አንቺን ነው የማምነው። የቱ ጋ ነው የታመመችው? ንገሪኝና እሳቴን ላስተካክል።»

መዶሻዋን ተቀብሎ ጠርዙን ነካ አደረገ። እሷ መዶሻውን አየች፣ ከዚያ ፊቱን አየች። በዚያ ቅንድብ በሌለው ፊት ላይ መልሱን ፈለገች። እንደገና ነካ አደረገ። አሁን «አልሰማም» ብትለው ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ከበስተጀርባው ግን ቶሎቶሎ እየመጣ ነበር።

«ሆዷ ላይ ነው» አለች።

«ሆዷ ላይ?» ግንባሩ ተሸበሸበ። «እንግዲያው የታችኛው እሳቴ በዝቷል ማለት ነው። እቀንሰዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ።»

ሲንኩን ታቅፎ ተመለሰ። «እህቴ» ብሏት አያውቅም ነበር።

እሳቱን ቀነሰ። ደህና የነበረውን እሳት ከሥር ቀንሶ ከላይ እንዳለ ተወው። ሲንኮቹ ከወገብ በላይ በሰሉ፣ ከወገብ በታች ቀሩ። ምድጃው ቀዝቅዞ ሲከፈት እንደ ሁልጊዜው ያብለጨልጩ ነበር። በጋሪ ወደ ሁለቱ ጠረጴዛዎች ተገፉ።

እሷ አንኳኳች። ዝም ነው። ለእሷ ሁሉም ዝም ስለሆነ ልዩነቱን ልታውቅ አትችልም። ቀና ስትል ግን ማዶ መስኮቱ ጥግ ምራቷን አየቻት። ምራቷ ጠመኔውን አላስቀመጠችም። አንኳኩታ ትጭራለች፣ ደግሞ አንኳኩታ ትጭራለች። አንዱን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነካችው፤ ለመነችው ማለት ይቻላል። ከዚያ ጫረችበትና ወደ አማቷ ቀና ብላ አየች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ያኔ ገባት። አባ ፍም ያልነበረ በሽታ ሲያክም እውነተኛውን በሽታ ያመጣው በእሷ ቃል ነው።

መዶሻዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ተነሥታ መተላለፊያውን አቋርጣ ምራቷን ክንዷን ያዘችና ወደ ተቆጣጣሪው መስታወት ክፍል ይዛት ገባች።

«ጆሮዬ አይሰማም» አለች፣ ሳትቀመጥ። «ከቆየ ቆየ። ብቻዬን ከተቀመጥኩ ወዲህ የጫርኩትን ሁሉ ሳልሰማ ነው የጫርኩት። ምድጃው ምንም አልሆነም።»

ተቆጣጣሪው ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። መጣደፉ ሁሉ ለጊዜው ተወው። ከዚያ ወጥቶ ከክምሩ ላይ ያልተሰበሩትን አስመጣና ምራቲቱን አስቀምጦ እያንዳንዱን አስነካ። የቆዩት ይዘምራሉ፤ አንዳንዱ ሲቀር ሁሉም ደህና ነው። የዛሬው ግን የሞተ ነው። ሲነኩት «ጠክ» ይላል፤ ይህን ተቆጣጣሪውም ሰማው።

ተመልሰው ገቡ። ተቆጣጣሪው ሲናገር ምራቷ ጆሮዋ ሥር ቃል በቃል ትደግምላታለች።

«የዛሬው ብልሽት ከእርስዎ ጆሮ አይደለም ይላል። ከአባ ፍም እሳት ነው ይላል።»

«እኔ ነኝ እኮ...»

«ይጠብቁ ይላል። እርስዎን አላስወጣም፤ ስፖንጅ ቤት ቦታ አለ። በቀን ሠራተኛ ነው፤ እስከ መቼ እንደሆነ ቃል አልገባም። የአባ ፍም የስንብት ወረቀት ግን ወደ በላይ ሄዷል።» ምራቷ ወደ ጆሮዋ ይበልጥ ተጠጋች። «ይሄን ነገር ከእንግዲህ አያንሡብኝ፣ ካነሡት ስፖንጁንም እርሱት ይላል።»

ስፖንጅ ቤት። የጀመረችበት፣ ጣት የሚሸበሸብበት ክፍል። እሷ ራሷ ያሠለጠነቻቸው ልጆች ዛሬ አለቃ የሆኑበት። ቢሆንም ጣሪያ አለው፣ በር አለው፣ ጠዋት ተነሥተው የሚሄዱበት ነው። ተቆጣጣሪው መልስ ሲጠብቅ አየችው። ምራቷን አስከትላ ወጣች።

አባ ፍም ጓሮ ነበር። የተደፋ ሲንክ ላይ ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን በፌስታል ይቋጥራል። ነገ እንዳይመጣ ተነግሮታል። ምራቲቱ ራቅ ብላ ቆመች። አማቲቱ አጠገቡ ሌላ ሲንክ ደፍታ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው፤ ከዝናቡ ጀምራ እስከ ስብሰባው ድረስ።

ሳያቋርጣት ሰማ። ስትጨርስም ገና ፌስታሉን ይቋጥር ነበር።

«ታዲያ ‹ሆዷ ላይ ነው› ያልሽኝስ?» አላት፣ ጮክ ብሎ፣ ወደ ፊቷ ዞሮ።

«ዝም ብዬ ነው ያልኩህ።»

«ዝም ብለሽ።» ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው። «እኔ እኮ ዓይኔን ተጠራጠርኩ። የእሳቱ ቀለም አልታይ ብሎኛል ብዬ ለልጆቼ ነገርኳቸው። አባታችሁ አርጅቷል አልኳቸው። እነሱም አምነው አለቀሱልኝ። በቁሜ አስለቀስሽኝ እኮ፣ ጆሮ።»

«ይቅር በለኝ አልልህም፤ ገና ነው። ተነሥና አብረን እንግባ። እሳቱን ያስቀነስኩህ እኔ መሆኔን እነግረዋለሁ።»

«ስፖንጁንስ?»

ካርቶኑ ግድግዳ፣ ምላሷን የምታሾልክበት ክፍተት፣ የአክስቷ ጥያቄ ተመለሱባት። ያስ የቀረባት ዕለት? ያን ጊዜ እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር። አሁን አወቀችው። ነቅታ፣ ጆሮዋን ቀስራ፣ የአባቷን መልስ ስትጠብቅ ነበር። አባቷ አልመለሰም። የሚመልሰው አልነበረውም።

«ቢያስወጡኝ የሱሪ ዚፕ እጎትታለሁ» አለች።

አባ ፍም አልገባውም። ራቅ ብላ የቆመችው ምራት ግን ሰምታ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ትስቅ ታልቅስ አይለይም።

«አልገባም» አለ አባ ፍም። «ለልመና አልገባም።»

«ልመና አይደለም። አንተ ትቆማለህ፣ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትሰማልኛለች።»

«እሳቱንም የቀነሰችው የእኔው እጅ ናት።»

«እጁ ያንተ ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው። ሁለቱንም ይስማ። ከዚያ ወዲያ ያሻውን ያድርግ።»

ከውስጥ የጋሪ ድምፅ ይመጣ ነበር፤ እሱ ሰማው፣ እሷ አልሰማችውም። ከዚያ ፌስታሉን መሬት ላይ ትቶ ተነሣና ወደ ጓሮው ቧንቧ ሄደ። ከቧንቧው ሥር የተተከለው ሲንክ ድሮ እሷ የጫረችበት፣ የእውነት ስንጥቅ ያለበት ነው፤ ሰማያዊው ጭረት በውሃ ብዛት ደብዝዞም አልለቀቀም። እጁን ታጠበ፣ ፊቱን አበሰ፣ ኮፍያውን ደፋ። ተመልሶ ሲመጣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው። ራሷ ከልማዱ የተነሣ ወደ ታች ሊል ጀመረ፤ ያዘችው።

«አልሰማሁህም» አለች። «ምን አልከኝ?»

ጎንበስ አለላት።

«እገባለሁ ነው ያልኩት። ግን እዚያ ገብተሽ ያልሰማሽውን ነገር ራስሽን እንዳትነቀንቂበት።»

«እሺ» አለች። «አልነቀንቅም።»